ከ23ቱ መቀመጫዎች ጀርባ፦ በአዲስ አበባ ምርጫ ክልሎች ላይ የተደረገ ረጅም ክርክር

ክሩን (የምላሾቹን ሰንሰለት) የከፈተው ሰው ጥያቄም አቤቱታም ይዞ ነው የመጣው። ጥያቄው የአንድ የአዲስ አበባ ምርጫ ክልል ታሪክ ከ1987 እስከ 2013 ዓ.ም. እንዴት ይሰነዳል የሚል ነው፦ ማን አሸነፈ፣ በስንት ድምፅ፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት ነበር። አቤቱታው ደግሞ ሁለት ነው። ዋና ከተማዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 547 መቀመጫዎች 23 ብቻ መያዟ ከሕዝቧ ብዛት ጋር አይመጣጠንም ይላል፤ መራጩም በየአምስት ዓመቱ በጅምላ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል ይላል። ለሁለተኛው ማስረጃ ብሎ አራት መስመር ደርድሯል። በ1997 ቅንጅት 23ቱንም፣ በ2002 ኢሕአዴግ 22፣ በ2007 ኢሕአዴግ 23፣ በ2013 ብልጽግና 22። አራቱም መስመር ትክክል ነው። ጭቅጭቁ የተነሣው ከእነሱ ከወጣው መደምደሚያ ነው።

ምላሽ 1 በትሕትና ገብቶ ከሁሉ አስቀድሞ ምርጫ ክልልን ከወረዳ አታምታታ ብሎታል። ክፍለ ከተሞች በ1995 ዓ.ም. ከመዋቀራቸው በፊት ከተማዋ በ28 ወረዳዎች ትተዳደር ነበር፤ የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር የመጣው ከእነዚያ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እስከ 28 ይሄዳል እንጂ ክልሎቹ 23 ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሁለት አሮጌ ወረዳዎችን አጣምረው ይዘዋል። ዛሬ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ወረዳ 5 እና ምርጫ ክልል 5 በቁጥር ይመሳሰሉ እንጂ አይገናኙም። ይህን ያልለየ ሰው ሰንጠረዡን ገና ከመጀመሪያው ዓምድ ያበላሻል። ኮተቤን የሚፈልግ አሮጌውን ወረዳ 28፣ ቦሌን የሚፈልግ ወረዳ 17 ብሎ ይጀምር የሚል ምክርም ጨምሯል። በእኔ ግምት በክሩ ውስጥ ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ የተመሰገነው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ምላሽ 2 ያ ምስጋና ነው፤ ጸሐፊዋ ክፍለ ከተሞቹ በ2013 ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 መሆናቸውንና የምርጫ ክልሉ ቁጥር ግን 23 ሆኖ መቅረቱን አስታውሳ ወጥታለች።

ምላሽ 3 ነገሩን ያሞቀው ሰው ነው። የመነሻ ጽሑፉን የመጀመሪያ አቤቱታ በቀጥታ ሐሰት ነው ብሎ ስሌቱን ዘረዘረ። በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551፣ የአገሪቱ 73,750,932 ነበር። የአገሪቱን ለ547 ብናካፍል በአንድ መቀመጫ 134,828 ሰው ይደርሳል፤ የአዲስ አበባን ለ23 ብናካፍል 119,111። ማለትም በዚያ ቆጠራ ከሄድን ከተማዋ የሚገባት 20 መቀመጫ ገደማ ነው፤ ሦስት ትርፍ ይዛለች። የ1987ቱ ቆጠራም ቢሆን ያው ነው ይላል፤ 2,112,737 ለ23 ሲካፈል 91,858፣ የአገሪቱ አማካይ ደግሞ 97,765። ተበደልን ከማለት በፊት ማካፈል ይቅደም በሚል ቁጣ ነው የጨረሰው።

ምላሽ 4 ይህንኑ ስሌት ተቀብሎ አጥብቆ አረመው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የመቀመጫውን ጣሪያ 550 ሲያደርግ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 20ው የተለየ ውክልና ለሚያስፈልጋቸው አነስተኛ ብሔረሰቦች ነው። እነዚያ በሕዝብ ብዛት ስለማይለኩ አካፋዩ 547 ሳይሆን 527 መሆን ነበረበት። ያኔ አማካዩ ወደ 139,945 ይወጣና የአዲስ አበባ ድርሻ 19.6 ይሆናል። እርማቱ የምላሽ 3ን ነጥብ የሚያጠነክር ነበር፤ ሆኖም አቀራረቡ ሰውየውን አስቀይሞ ምላሽ 5 ላይ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ይል የነበረው ወደ አንተ ዞረ። ያን ምላሽ መዘርዘር አያስፈልግም።

ምላሽ 6 ሁለቱን ገላግላ ጨዋታውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደችው። በመቀመጫ አከፋፈል ያለውን ልዩነት ማየት የፈለገ ድሬዳዋንና ሐረሪ ክልልን ያነጻጽር አለች። ሁለቱም ሁለት ሁለት መቀመጫ አላቸው፤ በ1999 ግን ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ 183,415 ሕዝብ ነበራቸው። የድሬዳዋ አንድ እንደራሴ 170,917 ሰው ይወክላል፣ የሐረሪው ከ92,000 ያነሰ። አቤቱታ ካለ የድሬዳዋ ሰው ያቅርብ ነው ነገሯ። ቀጥላም አዲስ አበባ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደ ከተማ ወንበር እንደሌላት፣ ምክንያቱም ያ ምክር ቤት በአንቀጽ 61 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ስብስብ እንደሆነ፣ ከተማዋ በፌዴራሉ ሕግ አውጪ ያላት ድምፅ በአንቀጽ 49 የተጠቀሰው የተወካዮች ምክር ቤት ውክልና ብቻ መሆኑን አብራራች። የከተማ ነዋሪ ውክልና አንሷል የሚል ሰው ጠንካራው መከራከሪያ ይኸኛው እንጂ የ23ቱ ቁጥር አይደለም የሚለው አስተያየቷ ሚዛን የደፋ ይመስለኛል።

ምላሽ 7 በታሪክ ገባ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ፓርላማ አባላት በሕዝብ አልተመረጡም ነበር፤ የሕዝብ ምርጫ የመጣው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። መላሹ አንቀጽ 93ን ጠቅሶ የከተሞችን ቀመር አስረዳ። ገጠሩ በግምት 200,000 ሕዝብ በያዙ የምርጫ ወረዳዎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ ሲልክ፣ ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ለብቻው አንድ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖረው ለየ50,000ው ደግሞ አንድ አንድ ተጨማሪ ያገኝ ነበር። በ1953/54 በተደረገው የአዲስ አበባ ቆጠራ 443,728 ሰው ስለነበር ቀመሩ በቀጥታ ቢሠራበት 30,000ው ሲቀነስ 413,728 ይቀራል፤ ለ50,000 ሲካፈል ስምንት ሙሉ ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ጋር ዘጠኝ እንደራሴ። በአንድ እንደራሴ 49,000 ሰው ገደማ ማለት ነው፤ ገጠሩ በ100,000 አንድ ሲደርሰው ከተማው እጥፉን ያገኝ ነበር።

ምላሽ 8 ይህን ካነበበ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ። በመስከረም 1950 በተደረገው በዚያ የመጀመሪያ ምርጫ ከአዲስ አበባ ካሸነፉት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ፓርቲ ስላልነበረ የዚያን ዘመን ውጤት ከዛሬው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ተወዳዳሪው በስሙና በንብረቱ ነው የሚቀርበው፤ ዕድሜውም 25 መድረስ ነበረበት፤ መራጩ 21። ዛሬ ተመራጭ 21፣ መራጭ 18 ነው። በ1979 ስለተመረጠው ባለ 835 መቀመጫ ብሔራዊ ሸንጎ አንድ መስመር ብቻ ጽፎ አልፎታል። አላጠፋም፤ ተፎካካሪ ፓርቲ የሌለበት ምርጫ ስለመራጩ ዝንባሌ የሚነግረን ትንሽ ነው።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ምላሾች ስለ 1997 ናቸው፤ ከጨዋነት የወጡትም እነሱ ናቸው። ምላሽ 9 ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተማው በሙሉ ቅንጅት ነበር አለ። ምላሽ 10 ከተማው በሙሉ ማለትና መቀመጫው በሙሉ ማለት ለየቅል ነው ብላ ቁልጭ ያለ ምሳሌ አቀረበች። አንድ ምርጫ ክልል ውስጥ 40,000 ዋጋ ያለው ድምፅ አለ እንበል። አንደኛው 16,000፣ ሁለተኛው 14,500፣ ሦስተኛው 9,500 ቢያገኙ መቀመጫው የአንደኛው ነው፤ በ40 በመቶ። አንቀጽ 54 የሚጠይቀው አብላጫ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም፤ ሁለተኛ ዙርም የለም። ይኸው ክፍፍል በ23ቱም ክልሎች ቢደገም አንዱ ወገን በ40 በመቶ ድምፅ 23 ለዜሮ ያሸንፋል። ይህ ማለት በ1997 የሆነው ይህ ነው ማለት አይደለም ብላ አስጠንቅቃለች፤ የመቀመጫ ቁጥር ብቻ አይቶ የመራጩን ልብ አውቄያለሁ ማለት አይቻልም ለማለት ነው። ምላሽ 11 ማስጠንቀቂያዋን ሳያነብ ድሉን ልታጣጥዪ ነው ብሎ ዘለፋት። ያልተጻፈ ነገር አንብቦ የሚቆጣ ሰው በእንዲህ ዓይነት ክርክር መቼም አይጠፋም።

ምላሽ 12 ግን ከዚያው ዓመት አንድ ጠቃሚ ዝርዝር አወጣ። መራጩ በዚያ ቀን ሁለት ወረቀት ነው የሚቀበለው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ ስላለው በአማካይ ለአንድ ምርጫ ክልል ስድስት ይደርሳል። በ1997 ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚደረገው፤ የከተማው ምክር ቤት ወረቀት ላይ ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል። ብዙ ዋጋ አልባ ድምፅ የሚፈጠረው መራጩ የሁለተኛውን አሠራር በመጀመሪያው ላይ ሲያደርገው ነው፤ ሁለት እጩ ላይ የኤክስ ምልክት ወይም ጣት አሻራ ያረፈበት የተወካዮች ምክር ቤት ወረቀት አይቆጠርም። ስለዚህ የአንድን ክልል ውጤት የሚሰንድ ሰው ለሁለቱ ምክር ቤቶች የተሰጠውን ድምፅ ለየብቻ ይያዝ፤ ደምሮ የፓርቲው ድምፅ ነው ካለ አንዱን መራጭ ደጋግሞ ቆጥሮታል።

ምላሽ 13 ወደ መነሻው ጥያቄ ለመመለስ ሞከረ፤ በአንድ ክልል ውስጥ ፓርቲን ከምርጫ ምርጫ መከተል ለምን እንደሚያስቸግር ዘረዘረ። የ1997ቱ ቅንጅት መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ የገቡበት ጥምረት ነበር፤ በ2002 እሱ የለም፣ አንድነት ፓርቲ የገባበት መድረክ የተባለ ጥምረት አለ። በ2007 ደግሞ ሌላ አሰላለፍ ነው። በ2013 ኢዜማና ባልደራስ መጡ፤ ኢሕአዴግም በ2012 ፈርሶ ብልጽግና ተተክቷል። የቅንጅትን የ1997 ድምፅ ከኢዜማ የ2013 ድምፅ ቀንሶ ተቃዋሚው ይህን ያህል አሽቆለቆለ የሚል ሰው የተለያዩ ነገሮችን እየቀነሰ ነው። የሚሻለው በየዓመቱ ሦስት ዓምድ መያዝ ነው፤ ገዢው ፓርቲ፣ ሌሎች ፓርቲዎች በድምር፣ የግል ተወዳዳሪዎች። ከሥሩ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓርቲ ዝርዝር ይቀመጣል።

ምላሽ 14 ይህን ደግፎ አንድ ወጥመድ አሳየ። በቀድሞው የምርጫ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 532/1999፣ በአንድ ምርጫ ክልል የሚወዳደሩት ከ12 እንዳይበልጡ ተወስኖ ስለነበር ሲበዙ ዕጣ ይወጣ ነበር። ተቃዋሚዎች በሚበዙባት አዲስ አበባ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ፓርቲ በአንድ ክልል ዜሮ ድምፅ ያገኘው መራጭ አጥቶ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። በሰንጠረዡ ላይ ዜሮ እና አልተወዳደረም በተለያየ ምልክት ይጻፉ።

ምላሽ 15 ሁለቱን ነጠላ መቀመጫዎች አነሣ። በ2002 ከተቃዋሚዎች ወገን ፓርላማ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአንድነቱ ግርማ ሰይፉ፣ ከአዲስ አበባ። በ2013 ብልጽግና ያልወሰደው የከተማዋ መቀመጫ ደግሞ የግል ተወዳዳሪው የዲያቆን ዳንኤል ክብረት ነው። ሁለቱንም 22 ለ1 ብሎ በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው ይላል፤ አንዱ መቀመጫ ገዢውን ፓርቲ ተፎካክሮ ያሸነፈ የተቃዋሚ ፓርቲ እጩ ነው፣ ሌላው ፓርቲ የሌለው ግለሰብ። መነሻ ጽሑፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት መምሰላቸውን በዚህ ነው ያፈረሰው፤ አጭርና ጥሩ ምላሽ ነው።

ምላሽ 16 ረጅሙ ነው፤ የክሩ እምብርትም እሱ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ ክርክሩን ከከተማዋና ከተቀረው አገር መካከል አንሥታ ወደ ከተማዋ ውስጥ ከተተችው። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ቢልም ከ1999 ወዲህ አልተደረገም፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ወሰኖቹም በዚያው ባሉበት ቆሙ። ሰዉ ግን አልቆመም። ከልደታ፣ ከአራት ኪሎና ከመሳሰሉት ሠፈሮች የተነሣው ነዋሪ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ሄዷል፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ተነሥተዋል። ማእከላዊ ክልሎች ነዋሪያቸውን ሲያጡ ዳር ያሉት አብጠዋል፤ መቀመጫው ግን ለእያንዳንዱ አንድ ነው። መሀል ከተማ ያለ መራጭ ድምፁ ይከብዳል፣ ዳር ያለው ይቀልላል። ይህን የ119,111 አማካይ አያሳየውም።

ከዚያ ወደ ተግባሩ ገባች። ሕዝብ ቆጠራ በሌለበት የክልሎቹን መጠን ለማነጻጸር የሚቀርበው መለኪያ የተመዝጋቢ መራጭ ቁጥር ነው፤ እሱም ችግር አለበት። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቤቱን አከራይቶ ራሱ በአሮጌው ሠፈር የሚኖር፣ ወይም ወደ አዲሱ ሠፈር ሄዶ መታወቂያውን ያላዛወረ ሰው ብዙ ስለሆነ መዝገቡ ከነዋሪው ጋር አይገጥምም። የምርጫ ጣቢያ ብዛትም አያስተማምንም፤ በ2013 አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ እንዳይመዘግብ ስለተደረገ ሲሞላ ንዑስ ጣቢያ ይከፈት ነበር። ጣቢያ በዛ ማለት ሰው በዛ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ግማሹ የሞላም ጣቢያ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ጣቢያዎችን ሳይሆን የየጣቢያውን ተመዝጋቢ ደምሩ ብላለች።

ምላሽ 17 ስለ ወሰን አንድ ነገር አከለ፤ ኮዬ ፈጬ ላይ በ2011 የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያስነሣውን ውዝግብ አስታውሶ፣ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 በወሰን ከተስማሙ ወዲህ ዳር ያሉ ሠፈሮችን በሚመለከት ከ2013 በኋላ ያለውን መረጃ ከቀድሞው ጋር ማያያዝ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ጻፈ። የኦሮሚያ የሆነ ሠፈር ነዋሪ የሚመርጠው ከኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች ለአንዱ ነው፤ በከተማው ምክር ቤት ወረቀት ላይም ድርሻ የለውም። ከዚህ በኋላ አራት አምስት ሰዎች ስለ ከተማዋ ባለቤትነት ተጨቃጨቁ፤ ከርእሱ ጋር የሚያገናኘው ስለሌለ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 22 ላይ አንዱ ውጤቱ ሁሉ ላይ ሆነው የሚሞሉት ነው፣ ምን ትደምራላችሁ ብሎ መጣ። ምላሽ 23 አልተሳደበችም፤ ቆጠራው እንዴት እንደሚሄድ ደረጃ በደረጃ አስረዳችው። ጣቢያው ሲዘጋ ቆጠራው እዚያው፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ይጀመራል። በቅድሚያ ያልተሠራባቸው ወረቀቶች ተቆጥረው ለብቻ ይታሸጋሉ፤ ከዚያ የተበላሹት፤ ከዚያ ሳጥኑ ይከፈታል። ለጣቢያው የተላከው ወረቀት ጠቅላላ ቁጥር ከሳጥኑ ከወጣው፣ ከተበላሸውና ካልተሠራበት ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ከሳጥኑ የወጣውም በመራጮች መዝገብ ላይ ከፈረሙት ሰዎች መብለጥ የለበትም። ቅጹ ተፈርሞ አንዱ ግልባጭ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፤ ሌላው ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይደመራል፤ ከዚያ ወደ ምርጫ ቦርድ። ልዩነት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በመደመሩ ላይ ነው፤ በሌሊት፣ በድካም፣ በእጅ ጽሑፍ 1 እና 7 ሲምታቱ፣ ወይም የአንዱ እጩ ድምፅ በሌላው መስመር ሲገባ። በ2013 የምርጫው ሰዓት ከምሽቱ 12 ወደ 3 ሰዓት ስለተራዘመ ቆጠራው ሲጀመር አስፈጻሚዎቹ ከንጋት ጀምሮ ሲሠሩ የዋሉ ናቸው። ማጭበርበር አለ የሚል ሰው በር ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንሥቶ ከክልሉ ድምር ጋር ያስተያይ፤ የማይገጥም መስመር ካለ ያኔ መነጋገሪያ አገኘ ማለት ነው። ምላሽ 22 አልተመለሰም።

ምላሽ 24 መራጩ በእንደራሴው ላይ እምነት ሲያጣ ማንሣት እንደሚችል አንቀጽ 54 ንኡስ አንቀጽ 7ን ጠቅሶ፣ ለመሆኑ የአዲስ አበባ ሰው እንደራሴውን በስም ያውቀዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰዎች አናውቅም አሉ። አንዱ የሚያውቀው ምልክቱን እንደሆነ፣ በ1997 ንብና ሁለት ጣት እንጂ የእጩ ስም ያነበበ ጥቂት እንደነበር ጻፈ።

የመጨረሻው፣ ምላሽ 28፣ ለመነሻው ጸሐፊ የሰንጠረዡን ዓምዶች አዘጋጅቶ ሰጠው፦ የምርጫ ክልሉ ቁጥር፣ የሚሸፍናቸው አሮጌ ወረዳዎች፣ ዛሬ የሚገኝባቸው ክፍለ ከተሞች፣ የተመዘገበ መራጭ፣ ድምፅ የሰጠ፣ ዋጋ አልባ፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት። መቶኛው ዋጋ ካለው ድምፅ ይሰላል እንጂ ከተመዝጋቢው አይደለም፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰንጠረዥ ለንጽጽር አይሆንም። ክፍለ ከተማ የሚለውን ዓምድ አንድ ብቻ አታድርገው፣ ወሰኖቹ ስለማይገጥሙ አንዳንዱ ክልል ሁለት ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገባል ብሎ ምላሽ 1ን እንዲያይ ነግሮታል። መነሻው ጸሐፊ በአሮጌው ወረዳ 28 እንደሚጀምር መልሷል፤ 23 መቀመጫ አነሰ የሚለውን ግን አሁንም አልተወም።